የደንበኛን የግል መረጃ የሚይዝ አገልግሎት ሰጪ የሕግ ግዴታውን ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት መመሪያ

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከታክሲ እንደወረድኩ ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ጥቅልሉን ስፈታው ወረቀቱ የላቦራቶሪ ውጤት ሆኖ አገኘሁት። የአንዲት ሴት ስም ከነአባቷና ከነአያቷ፣ ዕድሜዋ፣ የካርድ ቁጥሯ፣ የተመረመረችው ምርመራ ዓይነትና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ውጤት፣ ከግርጌም የአንድ ክሊኒክ ማኅተም በግልጽ ይነበብ ነበር። ቆሎውን የሸጡልኝ እናት ወረቀቱን በኪሎ ገዝተው ነው የጠቀለሉበት፤ ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ ያ ወረቀት ከካርድ ክፍል ወጥቶ ሚዛን ላይ እስኪወጣ ድረስ ባለፈባቸው እጆች ሁሉ "ይህ የሰው ገመና ነው" የሚል አንድም ሰው አለመገኘቱ ነው።

የሰው ዕቃ በአደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው የት እንዳለ ቢጠየቅ መልስ አያጣም። የሰው መረጃ የተቀበለም እንዲሁ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ደንግጓል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው፣ ሐምሌ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ይህን መብት ወደ ዝርዝር ግዴታ አውርዶታል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ግዴታውን የጣሰ ድርጅት አስተዳደራዊ እርምጃ ብቻ ሳይሆን እንደ ጥፋቱ ክብደት የወንጀል ተጠያቂነትም ሊከተለው ይችላል።

ብዙ ድርጅቶች ይህን አዋጅ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ከውጭ ሀገር ድርጅት ድረ ገጽ "የግላዊነት ፖሊሲ" ገልብጦ ስሙን መቀየር ነው። ያ ወረቀት ምንም አይጠብቅም። ሥራው የሚጀምረው ከራስ ግቢ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ አንድ መካከለኛ የግል ክሊኒክን ምሳሌ አድርጎ የተጻፈ ነው፤ ምክንያቱም ክሊኒክ ውስጥ ወረቀቱም ኮምፒውተሩም፣ ተራው መረጃም እጅግ ጥብቁም አንድ ላይ ይገኛሉ። የእንግዳ ማረፊያ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የዕቃ አድራሽ ድርጅት ወይም የቁጠባ ማኅበር የሚመሩ አንባቢያንም ስሙን ቀይረው ሊሠሩበት ይችላሉ።

አንደኛ፦ መረጃው የሚሄድበትን መንገድ በእግር ይከተሉ

አንድ ደብተር ይያዙና ከጥበቃው በር ይጀምሩ። አብዛኛው ቦታ ላይ ጥበቃው ጋ አንድ መዝገብ አለ፤ የገባው ሰው ሁሉ ስሙንና ስልኩን ይጽፍበታል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ከላይ ያለውን ሁሉ እያነበበ ይጽፋል። እዚያው ላይ ቆመው ይጠይቁ፦ ይህ መዝገብ የተጀመረው ለምንድን ነው? የሞላው መዝገብስ የት ነው የሚቀመጠው? ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ "ከድሮም የነበረ ነው" የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ በሕጉ ዓይን ምክንያት አይደለም።

ከዚያ ወደ እንግዳ መቀበያው፣ ወደ ካርድ ክፍሉ፣ ወደ ምርመራ ክፍሉ፣ ወደ ላቦራቶሪው፣ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ይሂዱ። በየደረሱበት የሚከተሉትን በአንድ ረድፍ ይጻፉ፦ ምን ዓይነት መረጃ ነው፣ የማን ነው፣ ከማን መጣ፣ ለምን ዓላማ ተያዘ፣ ማን ያየዋል፣ የት ይቀመጣል፣ ለማን ይተላለፋል፣ መቼ ይወገዳል። የደኅንነት ካሜራውን አይርሱ። የሠራተኞችን የግል ማኅደርና ለሥራ ያመለከቱ ሰዎች ትተውት የሄዱትን የትምህርት ማስረጃ ኮፒም አይርሱ፤ ሠራተኛም አመልካችም የመረጃ ባለቤት ነው። በተለይ የሠራተኞችን ስልክ ይጠይቁ። ሐኪሞቹ የሚመካከሩበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የታካሚ ስም ያለበት የኤክስሬይ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም፤ ያ ፎቶ ከግሩፑ አልፎ በየሰው ስልክ የፎቶ ማኅደር ውስጥ ራሱን ችሎ ተቀምጧል።

ይህ ሥራ ለትንሽ ክሊኒክ ሁለትና ሦስት ቀን ይወስዳል፤ አሰልቺም ነው። ቢሆንም አዋጁ የመረጃ አያያዝ መዝገብ እንዲኖር ስለሚጠይቅ የጻፉት ደብተር ራሱ የመጀመሪያው የሕግ ግዴታ ማሟያ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ከእርሱ የሚቀዳ በመሆኑ ይህን እርምጃ ለጸሐፊ ብቻ ሰጥተው አይለፉት፤ ኃላፊው ራሱ ቢዞር የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፦ እርስዎ በሕጉ ፊት ማን እንደሆኑ ይለዩና ይመዝገቡ

ሕጉ ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ያለባቸውን ወገኖች ይለያል። መረጃው ለምን ዓላማና በምን መንገድ እንደሚሠራበት የሚወስነው አንደኛው ሲሆን፣ በእርሱ ትእዛዝና ስም መረጃውን የሚያስቀምጠው ወይም የሚሠራበት ደግሞ ሁለተኛው ነው። ክሊኒኩ ለታካሚዎቹ መረጃ ወሳኙ ወገን ነው፤ የካርድ ሶፍትዌሩን አከራይቶ መረጃውን በራሱ ሰርቨር የሚያኖርለት ኩባንያ ግን በትእዛዝ የሚሠራ ነው። ኩባንያው ያንን መረጃ ለራሱ ማስታወቂያ ከተጠቀመበት በዚያች ቅጽበት ራሱ ወሳኙ ወገን ሆኗልና ሙሉ ተጠያቂነቱን ይሸከማል።

ሁለቱም ወገኖች በባለሥልጣኑ ዘንድ መመዝገብ አለባቸው። ለምዝገባው የሚቀርበው ዝርዝር፣ ማለትም የያዙት የመረጃ ዓይነት፣ ዓላማው፣ ለማን እንደሚተላለፍና በምን እንደሚጠበቅ፣ በደብተርዎ ላይ ስላለ አዲስ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። ማመልከቻውን ከማስገባትዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ቅጽና ክፍያ ከባለሥልጣኑ ይጠይቁ።

ሦስተኛ፦ ለእያንዳንዱ ረድፍ ሕጋዊ ምክንያት ይስጡ

የሰው መረጃ ለመያዝ ፈቃድ ብቻውን መንገድ አይደለም። ውል ለመፈጸም፣ ሕግ የጣለውን ግዴታ ለመወጣት፣ የሰውን ሕይወት ለማዳን፣ የሕዝብን ጥቅም ለሚመለከት ተግባር፣ ወይም የባለመረጃውን መብት ለማይጫን ተገቢ ጥቅም ሲባል መያዝ ይቻላል። ታካሚው ራሱን ስቶ በአምቡላንስ ሲመጣ የደም ዓይነቱን ለመመዝገብ ፊርማ አይጠበቅም። ደረሰኝ ላይ ስሙ የሚጻፈውም የግብር ሕግ ስለሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ነገር "ተስማምቻለሁ" የሚል ወረቀት ማስፈረም ሕግ ማክበር አይደለም፤ እንዲያውም ታካሚው እምቢ የማለት ምርጫ ሳይኖረው የፈረመው ፈቃድ ፈቃድ አይባልም።

ፈቃድ የሚያስፈልግበት ቦታ ሲመጣ ግን በደንብ ይጠየቅ። በአንድ ቅጽ ላይ ያየሁት አረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ "ድርጅቱ መረጃዬን ለማንኛውም ተግባር እንዲጠቀምበት ሙሉ በሙሉ ተስማምቻለሁ።" ይህ ዓላማውን አልነገረም፣ መቆሚያም የለውም። በእርሱ ፋንታ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ "የቀጠሮዬ ቀን ሲቃረብ በስልኬ አጭር መልእክት እንዲላክልኝ ፈቅጃለሁ። በፈለግሁ ጊዜ ለእንግዳ መቀበያው በመናገር ማስቆም እችላለሁ። ባልፈቅድም ሕክምናዬ አይጓደልም።" ፈቃድ መሰጠቱን የማስረዳት ሸክም የድርጅቱ ስለሆነ ቅጹ ከነቀኑ ይቀመጥ፤ ማስቆሙም እንደ መስጠቱ ቀላል ይሁን። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የሚፈቅደው ወላጁ ወይም አሳዳጊው ነው።

ስለ ፎቶግራፍ አንድ ነገር ልጨምር። የውበት ሳሎኖችና የጥርስ ክሊኒኮች የደንበኛን "በፊትና በኋላ" ምስል በቲክቶክ ሲለቁ እንደ ተራ ነገር ይታያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ከልክሏል። አዋጁ ከመምጣቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ የነበረ ክልከላ ነው።

አራተኛ፦ የማያስፈልገውን አይቀበሉ

ያልያዙት መረጃ አይሰረቅም። የድሮ የካርድ ቅጾች ላይ ብሔርና ሃይማኖት የሚሉ ክፍት ቦታዎች አሁንም ይገኛሉ። ራስ ምታት ያመመው ሰው ብሔሩን የሚነግረው ለምንድን ነው? የጤና ሁኔታ፣ የዘር ወይም የብሔር ምንጭ፣ እምነት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጣት አሻራና የመሳሰለው የሰውነት መለያ በአዋጁ ጥብቅ ጥበቃ የሚደረግላቸው መረጃዎች ናቸው። ጤናን መመዝገብ ለክሊኒክ የማይቀር ነው፤ ሌላው ግን ለሕክምናው የሚያስፈልግበት ልዩ ምክንያት ከሌለ ከቅጹ ይውጣ።

መታወቂያ ኮፒ ማድረግም እንዲሁ ልማድ ሆኗል። ማንነትን ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ከሆነ መታወቂያውን አይቶ፣ አመሳክሮ መመለስ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ኮፒ እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ ካለብዎ፣ ለምሳሌ ባንኮች ደንበኛቸውን የመለየት ግዴታ አለባቸው፣ ያንን ሕግ በደብተርዎ ረድፍ ላይ ይጻፉት። የፋይዳ ቁጥር ሲጠይቁም ልዩነቱን ይወቁ፤ ባለ 12 አኃዙ ቁጥር የሰውየው ቋሚ መለያ ሲሆን፣ ባለ 16 አኃዙ ደግሞ ለአገልግሎት ሰጪ እንዲሰጥ ታስቦ የተዘጋጀ ተለዋጭ ቁጥር ነው። ተለዋጩ ከበቃ ቋሚውን አይጠይቁ፤ በቴሌግራም "የመታወቂያዎን ፎቶ ይላኩልን" ማለትንም ያቁሙ።

አምስተኛ፦ ለሰዎቹ ይንገሯቸው

መረጃውን ሲቀበሉ ማን እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚፈልጉት፣ ለማን እንደሚያሳዩት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆዩትና ሰውየው ምን መብት እንዳለው መንገር ግዴታ ነው። ይህ ማስታወቂያ አንድ ገጽ ሆኖ፣ ደንበኞችዎ በሚናገሯቸው ቋንቋዎች ተጽፎ፣ ካርድ በሚወጣበት መስኮት አጠገብ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉ ወይም ዓይናቸው ለደከመ እናትና አባት ደግሞ ካርድ አውጪዋ በቃል እንድትነግር ያሠልጥኗት፦ "እማማ፣ ስምዎትንና ስልክዎትን የምጽፈው ካርድዎ እንዳይጠፋና ውጤት ሲደርስ እንድንደውልልዎ ነው፤ ለሥራው ከሚያስፈልጋቸው ሠራተኞች በስተቀር ማንም አያየውም።" ይህ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ "ማንም አያየውም" ከተባለ እውነት መሆን አለበት፤ ቀጣዩ እርምጃ ለዚህ ነው።

ስድስተኛ፦ ይጠብቁት

የካርድ ክፍል ቁልፍ በአንድ ሰው ኃላፊነት ይሁን። ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይኑረው፤ "1234" በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ አምስት ሰው የሚገባበት ኮምፒውተር ላይ ማን ምን እንዳየ ማወቅ አይቻልም። ገንዘብ ተቀባይዋ ክፍያውን እንጂ የምርመራ ውጤቱን ማየት አያስፈልጋትም። ሠራተኛ ሥራ በለቀቀበት ቀን መግቢያው ይዘጋ፣ ከግሩፑም ይውጣ። ሰነድ ለማተም ፍላሽ ይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት መሄድ ይቅር፤ ፋይሉ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ ግን አፍ ነው የሚያፈስሰው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ይቀጣል፤ ጽዳት ሠራተኛውና ጥበቃው ግን ይህን ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ። ስለዚህ ማንኛውም ሠራተኛ ሲቀጠር የምስጢር ጥበቃ ግዴታውን አንብቦ ወይም ተነቦለት ይፈርም። ስምና የበሽታ ዓይነት አንድ ላይ በኮሪደር መጥራትም ይቁም፤ በካርድ ቁጥር መጥራት ይቻላል።

ሰባተኛ፦ ከሌሎች ጋር የሚሠሩ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን

ናሙና ለሌላ ላቦራቶሪ ይልካሉ፤ ሶፍትዌር ይከራያሉ፤ መልእክት የሚልክልዎ ድርጅት አለ። ከእያንዳንዳቸው ጋር የሚደረገው ውል መረጃው ለታዘዘው ሥራ ብቻ እንደሚውል፣ ለሦስተኛ ወገን እንደማይተላለፍ፣ አደጋ ሲደርስ ወዲያው እንደሚያሳውቁ፣ ውሉ ሲያልቅም መረጃውን መልሰው የነርሱን ቅጂ እንደሚያጠፉ በግልጽ ይደንግግ። አዋጁ በሀገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል መረጃ በሀገር ውስጥ በሚገኝ ሰርቨር ወይም የዳታ ማዕከል እንዲቀመጥ ስለሚጠይቅ፣ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ሶፍትዌር አከራዩን "ሰርቨሩ በየትኛው ሀገር ነው?" ብለው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ወደ ውጭ መላክ የሚፈቀደው በአዋጁ የተቀመጡት ሁኔታዎች ሲሟሉ ብቻ ነው።

ከኢትዮጵያ ሆነው በአውሮፓ ኅብረት ለሚኖሩ ሰዎች አገልግሎት የሚያቀርቡ፣ ለምሳሌ ለጀርመን ጎብኚዎች በዩሮ ዋጋ አውጥተው ጉዞ የሚሸጡ ድርጅቶች፣ ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኅብረቱ የመረጃ ጥበቃ ደንብም ሊመለከታቸው ይችላል። በዚያ ደንብ ለባለመረጃው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በመርህ ደረጃ በ1 ወር ውስጥ ሲሆን፣ ከባዱ መቀጫ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም እስከ ዓመታዊው የዓለም አቀፍ ገቢ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ ከፍተኛው ነው።

ስምንተኛ፦ "መረጃዬን አሳዩኝ" ለሚል ሰው መልስ ያዘጋጁ

የመረጃው ባለቤት የያዙበትን የማየት፣ ስህተቱን የማሳረም፣ ያለ ምክንያት የተያዘውን የማስጠፋት፣ አጠቃቀሙን የመቃወም መብት አለው። ጥያቄውን የሚቀበል አንድ ሰው ይመደብ፤ የተጠየቀበት ቀን ይመዝገብ፤ የጠያቂው ማንነት ይረጋገጥ። የስም ፊደል ማረም በዚያው ቀን ሊያልቅ ይችላል። የሕክምና ታሪክ ይጥፋልኝ የሚል ጥያቄ ግን ሌላ ሕግ እንዲቆይ ካዘዘው የሚፈጸም አይደለም፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረው።

ከባዶቹ ጥያቄዎች የሚመጡት ከባለቤቱ ሳይሆን ከሌላ ሰው ነው። ባል መጥቶ "የሚስቴን ውጤት ስጡኝ፣ ከፋዩ እኔ ነኝ" ይላል። አሠሪ "የሠራተኛዬን የምርመራ ወጪ የሸፈንኩት እኔ ስለሆንኩ ሙሉ ውጤቱን ላኩልኝ" ይላል። በሀገራችን ይሉኝታ ይህን እምቢ ማለት ያስቸግራል፤ ካርድ አውጪዋ ታላቋን ፊት ለፊት መመለስ ይከብዳታል። ስለዚህ እምቢታው የእርሷ እንዳይመስል የተጻፈ መመሪያ በመስኮቱ ላይ ይኑር፤ እርሷም እንዲህ ትበል፦ "ጋሼ፣ እኔ ብፈልግም አልችልም፤ ውጤቱ የሚሰጠው ለራሷ ለታካሚዋ ወይም እርሷ በጽሑፍ ለወከለችው ነው።" ለሥራ ቅጥር የተላከ ሰው ከሆነ አሠሪው ማወቅ ያለበት ለሥራው ብቁ መሆን አለመሆኑን ነው፤ የበሽታውን ዝርዝር አይደለም። የፖሊስ ወይም የመንግሥት አካል ጥያቄ ሲመጣም የጠያቂው ሥልጣን የተጠቀሰበት ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቅ፤ የተጠየቀው ብቻ ይሰጥ፤ ምን ለማን እንደተሰጠም ይመዝገብ። በስልክ ተደውሎ "ከቢሮ ነው" ለሚል ድምፅ ምንም አይነገርም።

ዘጠነኛ፦ ለአደጋው ሰዓት አስቀድመው ይዘጋጁ

የሒሳብ ሠራተኛው ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ላይ የታካሚዎች ዝርዝር ያለበትን ላፕቶፕ ታክሲ ውስጥ ረሳው እንበል። መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ ጠዋት ፈልጎ ማግኘትና ለማንም አለመናገር ነው። ሕጉ ግን ድርጅቱ አደጋውን ካወቀ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ይህም ሐሙስ ማታ ከታወቀ እስከ እሑድ ማታ 1 ሰዓት ማለት ነው። ሰዓት በሰዓትነቱ የሚቆጠር ስለሆነ ቅዳሜና እሑድን እረፍት አድርገው አይተዉት።

በመጀመሪያው ሰዓት የላፕቶፑን መግቢያዎች ከሩቅ ይዝጉ፣ የይለፍ ቃሎችን ይቀይሩ። ቀጥሎም የምን ያህል ሰው፣ ምን ዓይነት መረጃ እንደነበረበት፣ ዲስኩ የተመሰጠረ፣ ማለትም ያለ ይለፍ ቃሉ የማይነበብ፣ መሆን አለመሆኑን ይጻፉ። ከዚያ ለባለሥልጣኑ የሚላከውን ያዘጋጁ፤ ሁሉም ነገር እስኪጣራ አይጠብቁ፤ የቀረውን በኋላ ማሟላት ይሻላል። ጉዳቱ በሰዎቹ ላይ ከባድ ሊሆን የሚችል ከሆነ ለራሳቸውም በቀላል ቋንቋ ይነገራቸው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ያ ሠራተኛ ማታውኑ ደፍሮ ከደወለ ብቻ ነው። ስለዚህ በስህተት ለጠፋ ነገር ፈጥኖ የተናገረ ሠራተኛ እንደማይባረር አስቀድመው በስብሰባ ላይ ይንገሩ፤ ቃልዎንም ይጠብቁ።

የብዙ ሰው ጥብቅ መረጃ የሚይዙ ድርጅቶች የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ መመደብና አዲስ ሥርዓት ከመዘርጋታቸው በፊት የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድመው መገምገም ይጠበቅባቸዋል። የጣት አሻራ መቆጣጠሪያ ወይም ፊት የሚለይ ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ድርጅት ግምገማውን ከግዢው በፊት ይሥራው።

አሥረኛ፦ በጊዜው ያስወግዱ

በደብተርዎ በእያንዳንዱ ረድፍ መጨረሻ ላይ "መቼ ይወገዳል" የሚለውን ሳይሞሉ ያለፉት ብዙ ይሆናል። አሁን ይሙሉት። የሒሳብና የግብር ሰነድ፣ የሕክምና ካርድ፣ የሠራተኛ ማኅደር በየሕጋቸው የተወሰነ ዕድሜ አላቸው፤ ከሒሳብ ባለሙያና ከሕግ አማካሪ ጋር ተቀምጠው ለእያንዳንዱ ቁጥር ይጻፉ። የጥበቃው መዝገብና የካሜራው ቅጂ ግን ለሳምንታት ብቻ ቢቆይ ይበቃል። ቀኑ ሲደርስ ከኮምፒውተሩም፣ ከመጠባበቂያ ቅጂውም፣ ከስልኮቹም ይጥፋ።

ወረቀቱን በሁለት መቅደድ ማስወገድ አይደለም፤ በኪሎ መሸጥማ ጨርሶ አይሆንም። ወይ በመቁረጫ ማሽን ይፈጭ፣ ወይ ይቃጠል። የሚወገደው ሰነድ ዓይነትና ብዛት በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ተዘርዝሮ የካርድ ክፍሉ ኃላፊና አንድ ምስክር ይፈርሙበት። ሁለቱም የሚፈርሙት ወረቀቱ በጆንያ ታስሮ ከበሩ ሲወጣ ሳይሆን እዚያው ቆመው ተፈጭቶ ወይም ተቃጥሎ ማለቁን ካዩ በኋላ ነው።